የቃላት ዘበኞች ማንን ይጠብቃሉ?

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ጠባቂዎች ነን የሚሉ ወገኖች ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ አንድ ዓይነት እሮሮ ሲያሰሙ ኖረዋል። ይኸውም «ቃላቱ ትርጉማቸውን ለቀቁ፤ ያልተማረው ሕዝብ ቋንቋውን አረከሰው» የሚል ነው። እሮሮው በየዘመኑ ቢታደስም ቋንቋው እስከ ዛሬ አልሞተም። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የቋንቋው ጤንነት ሳይሆን የአልቃሾቹ ዓላማ ነው።

ጆናታን ስዊፍት በ1712 እ.ኤ.አ. ለመንግሥቱ የግምጃ ቤት ሹም ባቀረበው ጽሑፍ እንግሊዝኛን አርሞ ለዘለቄታው የሚያጸና ጉባኤ እንዲቋቋም ጠይቆ ነበር። ካስመረሩት ቃላት አንዱ «ሞብ» ነው። ይህ ቃል ከላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረና ግር ብሎ የሚሄደውን ተራ ሕዝብ የሚያመለክት ነበር። ስዊፍት ቃሉን ለዓመታት ታግሎ በብዛት መሸነፉን ራሱ ጽፏል። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1747 የመዝገበ ቃላቱን ዕቅድ ሲያወጣ ቋንቋውን ለማጽናት ተስፋ አድርጎ ነበር፤ በ1755 መጽሐፉ ሲታተም ግን ተስፋው ከንቱ እንደነበረ በመቅድሙ ገለጸ።

ዛሬም ክርክሩ አልበረደም። «ዲሲሜት» የሚለው ቃል በሮማውያን ጦር ከአሥር ወታደር አንዱን መግደል ማለት ስለ ነበረ፣ «እጅግ ብዙውን አጠፋ» ለማለት አይውልም ብለው የሚሟገቱ አሉ። እነዚሁ ተሟጋቾች ስሙ አሥረኛ ማለት የሆነውን «ዲሴምበር»ን አሥራ ሁለተኛ ወር ብለው ሲቈጥሩ ቅር አይላቸውም። «ሊተራሊ»ን ለማጋነኛ መጠቀም የዘመኑ ወጣቶች ጥፋት ነው ይባላል፤ ማርክ ትዌይን ግን በ1876 ባሳተመው የቶም ሶየር ታሪክ ቃሉን በዚሁ አኳኋን ጽፎታል።

የክርክሩ እውነተኛ መልክ በግልጽ የታየው በ1961 ነው። በፊሊፕ ጎቭ አዘጋጅነት የወጣው ሦስተኛው የዌብስተር ዓለም አቀፍ መዝገበ ቃላት ሕዝቡ እንዴት እንደሚናገር መዘገበ እንጂ እንዴት መናገር እንዳለበት አላዘዘም። በተለይ «ኤይንት» ለሚለው ቃል በሰጠው መግለጫ የተነሣ ታላላቅ ጋዜጦች በርእሰ አንቀጻቸው ዘመቱበት። በ1969 ደግሞ የአጠቃቀም ፈራጅ የሚሆኑ ጸሐፍትንና አዘጋጆችን የሰበሰበ ተፎካካሪ መዝገበ ቃላት ታተመ። ሆኖም «ኤይንት» ከእንግሊዝ መኳንንት አፍ ሲወጣ እንደ ዘና ያለ አነጋገር ሲታለፍ የኖረ ቃል ነው። ከሠራተኛው አፍ ሲወጣ ግን መሃይምነት ተባለ። የተፈረደው በተናጋሪው መደብ ላይ እንጂ በቃሉ ላይ አልነበረም።

የቃላቱ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። «ቪለን» ዛሬ ክፉ አድራጊ ማለት ነው። ምንጩ ግን የገጠር ርስት ስም ሲሆን፣ ቃሉ በጌታው መሬት ላይ የሚሠራውን ጭሰኛ ያመለክት ነበር። ዛሬ ባለጌንና ስድን የሚያመለክቱት «ቸርል»ና «ቡር»ም ከገበሬው ስም የመጡ ናቸው። በአንጻሩ «ጄንትል» ከደኅና ዘር የተወለደ ማለት ሆኖ ሳለ ገርና ለስላሳ ወደሚል ውዳሴ ዞረ። ባህልን የሚያመለክተው «ካልቸር» ደግሞ መሬት ማልማትና ሰብል መንከባከብ ማለት ነበር፤ ሬይመንድ ዊልያምስ በ1976 ባሳተመው «ኪይወርድስ» የተባለ መጽሐፍ የቃሉን ጉዞ ተከታትሏል። እንግዲህ ገበሬው ወንጀለኛ ተብሎ ሲሰደብ፣ የሥራው ስም የጨዋዎች ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም አነጋገር በማንኛውም ቦታ ይስማማል ማለት አይደለም። «ዲስኢንተረስትድ» የማያዳላ፣ «አንኢንተረስትድ» ደግሞ ግድ የሌለው ማለት ሆነው ተለይተው ቢጸኑ ለዳኛም ለባለ ጉዳይም ይጠቅማል። የታወቀውን ሥርዐት ያላስተማሩት ተማሪም በፈተና ይወድቃል። ሥርዐቱ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ሊሰጠው ይገባል፤ የሰውነት መመዘኛ ሲሆን ግን በደል ነው።

ከሁሉ የከፋው በደል ዘበኞቹ ከማይጠብቁት በር የሚገባው ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 እንዳሳየው፣ መከላከያ የሌላቸው መንደሮች ከአየር ሲደበደቡ ድርጊቱ «ፓሲፊኬሽን» ማለትም ሰላም ማስፈን ይባላል። ይኸው ቃል በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም መጠሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ደግሞ የሲቪሎች ሞት «ተጓዳኝ ጉዳት» ተባለ። እነዚህ አጠራሮች የሰዋስው ሕግ አይጥሱም፤ የፊደል ግድፈትም የለባቸውም። ስለዚህ የአራሚው ቀይ ቀለም አልፏቸው ይሄዳል። ሕዝብ በልማዱ የለወጠው ቃል ማንንም አልገደለም፤ ኃይለኛው ሆን ብሎ የለወጠው ቃል ግን የተገደለውን ይሸፍናል።

ጉዳዩ የእንግሊዞችና የአሜሪካውያን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ መምህሩ የባዕዱን ቋንቋ ሰዋስው ሲያስተምር የባዕዱን ንቀት አብሮ እንዳያስተምር መጠንቀቅ አለበት። አገር ያለው ማለት የሆነው «ባላገር» በከተሜው አፍ ስድብ ሆኖ መዋሉ፣ የ«ቪለን» ታሪክ ሩቅ አለመሆኑን ያስገነዝባል። መምህሩም፣ ካድሬውም፣ ደራሲውም አንድ ቃል ትርጉሙን ለወጠ ሲባሉ «ተሳስቷል ወይ?» ከማለታቸው በፊት «ማን ለወጠው? ማንን ለመጥቀም?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።