የልቤን ማን አወጣብኝ?

«ይድረስ ለአዘጋጁ፤ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የምሸጥ ባለትዳር ነኝ። ከተጋባን አራት ዓመት አለፈን፤ ልጅ ግን አልወለድንም። ለማንም ሳልተነፍስ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ በስልኬ ስለ መካንነት ሕክምና አነብ ነበር። በሳምንቱ አማቴ ሱቅ መጡና ዘፈን ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋቸው። ዘፈኑ ሳይጀምር የመካንነት ክሊኒክ ማስታወቂያ ዱብ አለ! አማቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ጭር ብሏል። ለመሆኑ በገዛ ስልኬ ያየሁት ነገር የማን ንብረት ነው? ማንስ ሸጠብኝ?»
ስሜ አይገለጽ

ይድረስ ለእኅታችን፣

እንደ መርካቶ ልጅነትሽ ደላላን ታውቂዋለሽ። «እንዲህ ያለ ዕቃ እፈልጋለሁ» ብለሽ ጆሮው ላይ ጣል ካደረግሽ፣ ሻጩ እየተግተለተለ ሱቅሽ ድረስ ይመጣል። ኢንተርኔቱም እንደዚያው ነው። ገጹን ስትከፍቺ «ኩኪ» የሚባል ምልክት ስልክሽ ላይ ይቀመጣል። ስልኩም ለማስታወቂያ የተሰጠው መለያ ቁጥር አለው። ስምሽን ማወቅ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ ራሱ አይሸጥም፤ ድርጅቱ ለአስተዋዋቂው የሚሸጠው አንቺን የማግኘት ዕድል ነው። (በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ምንም ላልፈለገ ሰውም ይመጣል። አማትሽ ያዩት ማስታወቂያውን እንጂ ያነበብሽውን አይደለም።)

የማን ንብረት ነው ላልሽው፣ የዱቤ ደብተርሽን አስቢ። ወረቀቱም ጽሕፈቱም ያንቺ ነው፤ የደንበኛሽን ዕዳ ግን ለጎረቤት ሱቅ ብታነቢለት ይቀየምሻል፣ እውነትም አለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መዝገቡን የያዘው ድርጅት እንዳሻው አያደርገውም፤ ፈቃድሽን ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት መያዝ አለበት። አንቺም አሳዩኝ፣ አስተካክሉልኝ፣ ሰርዙልኝ የማለት መብት አለሽ። የጤና ጉዳይማ የበለጠ ጥንቃቄ ይደረግለታል። አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድርጅቱ ባሕር ማዶ ሲሆን ግን ደብዳቤ ይዞ መንከራተቱ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ከስልክሽ ጀምሪ።

በጉግል አካውንትሽ «ማይ አክቲቪቲ» የሚለውን ገጽ ከፍተሽ የፈለግሽውን ሁሉ አጥፊ፤ በየ3 ወሩ በራሱ እንዲጠፋም ማዘዝ ይቻላል። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ማስታወቂያ» ከሚለው ገብተሽ መለያ ቁጥሩን ሰርዢ። ክሊኒክ ወይም መተግበሪያ ስልክ ቁጥርሽን ሲጠይቅሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። «ኢንኮግኒቶ» የሚባለውን ድብቅ መስኮት ደግሞ አትመኚበት፤ ታሪኩን ከስልክሽ ይደብቃል እንጂ ከምትከፍቺው ድረ ገጽ አይደብቅም። በዚሁ ሰበብ ጉግል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠር መዝገብ ለማጥፋት ተስማምቷል።

የቤትሽን ጭርታ ግን አዋጁ አይፈታውም። ለአማትሽ ማስረጃ ከማቅረብሽ በፊት ለባልሽ ንገሪው። ልጅ አለመውለድ ከወንዱም በኩል ሊሆን ይችላልና፣ ሐኪም ዘንድ ብቻሽን አትሂጂ። አንድ ቀን ሱቁን ቆልፋችሁ ሁለታችሁም ተመርመሩ።