ሣጥኑ ተመለሰ፤ ባንዱስ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና አበው፣ እኔም ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። ሰሞኑን አዳማ ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት ተጠርቼ ነበር። የተጠራሁት ለድግስ አይደለም፤ ዘመዱ ከአሜሪካ ይዞለት የመጣውን የጊታር አምፕሊፋየር እንድንሰማለት ነው። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ይባላል። ኩባንያው በ1965 ይሠራው የነበረውን ዓይነት አስመስሎ በዘመናችን እንደገና ያወጣው ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ጉልበቱ 85 ዋት፣ ክብደቱ 29 ኪሎ ያህል፣ ዋጋው በዚያው በአሜሪካ ከ1500 ዶላር በላይ ነው። ከባጃጅ ላይ ለማውረድ ሁለት ሰው አስፈልጓል፤ የእኛን 220 ቮልት ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ተፈልጎለታል።

የዚህ ሣጥን ክብር በውስጡ ባሉት ቲዩቦች ነው፤ ትራንዚስተር ሳይስፋፋ በፊት በአባቶቻችን ሬዲዮ ውስጥ ቀላ ብለው ይበሩ የነበሩት የመስታወት ብልቃጦች ማለት ናቸው። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ሞገድ ጫፍ በድንገት ይቆርጠዋል፤ ቲዩብ ግን ቀስ እያለ ያጎብጠዋል፤ ጆሯችንም ይህን እንደ ሙቀት ይቀበለዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሞላ ደግሞ ድምፁን እያመላለሰ የገደል ማሚቶ ያስመስለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልክድም።

ወዳጄ ግን በዚህ አልረካም። «ያ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ድምፅ እነሆ ተመለሰ!» አለን። የጥንቱ ሣጥን ሽቦው በእጅ የተበየደ፣ የአሁኑ ግን በታተመ ሰሌዳ የተሠራ መሆኑ ብቻ ነበር ቅር ያሰኘው፤ በዚህም ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ከመካከላችን በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ጊታር የተጫወቱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጊታሩን ተቀብለው ጥቂት አንቺሆዬ አንቆረቆሩና እጃቸውን አሳረፉ።

«እንዴት አገኙት፣ ጋሼ?» አልናቸው።

«ድምፁስ ደግ ነው፤ ሌሎቹስ የታሉ?» አሉን።

የእኔም ሙግት ይኸው ነው። ያ ድምፅ የተወለደው ከመስታወት ብልቃጥ አይደለም። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛን ደመወዝ እየከፈሉ አሠለጠኑ፤ ኔርሲስ ናልባንዲያን የመሰሉ መምህራን በትዕግሥት አስተማሩ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መድረክ ሰጠ፤ ዐምኃ እሸቴም በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። መብራቱ እንኳ ከእኛው ደጅ ነበር፤ ከአዳማ አጠገብ ያለው የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ጀምሮ፣ የአዲስ አበባ ባንዶች ጊታር ከአዋሽ ውኃ በመነጨ ኃይል ይጮኽ ነበር።

ያንን ድምፅ ያጠፋው የቲዩብ እጥረት ነውን? አይደለም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው፤ ዐምኃ እሸቴ በ1975 አገር ለቅቆ ሄደ፤ ቀጥሎም ኪቦርድ መጥቶ የስድስት ሰው ሥራ ለብቻው ያዘ። ሰዓት እላፊው ተነሥቶ እንኳ ኪቦርዱ ወንበሩን አልለቀቀም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ «ኤትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ የድሮ ሥራዎቻችን ታተሙ፤ በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ፈረንጅ ሲያደንቀው እኛንም ናፍቆት ያዘን። ናፍቆት ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ካገኘ ሥራ ያስፈታል።

አሊ ቢራን እናስታውስ። በኖቬምበር 2022 ያረፈው በዚህችው በአዳማ ነው። ጊታርም ዑድም የተጫወተውን ይህን ሰው በልጅነቱ ድሬዳዋ ላይ ኮትኩቶ ያሳደገው የአፍራን ቀሎ ቡድን ነው እንጂ ውድ ሣጥን አልነበረም።

ታዲያ አምፕሊፋየሩን እንጣለው ወይ? አልወጣኝም። የምለው፣ ሣጥኑን ለመመለስ ይህን ያህል የደከምን ሰዎች ባንዱን ለመመለስ ምን አደረግን ነው። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ የሚያስተናግዱት የአዳማ ሆቴሎች በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ አምስት ወጣቶችን አብረው ያጫውቱ፤ ደመወዛቸውንም በአግባቡ ይክፈሉ። የባህል ቢሮዎችም ለበዓል ሰሞን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የልምምድ ክፍል ይስጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ሽቦው አበያየድ ብንከራከር ያምርብናል።

ወዳጄንም በዚያው ምሽት ሣጥኑን ከሳሎኑ አውጥቶ መለማመጃ ላጡ የሰፈሩ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያውስ ለምኜዋለሁ። «እንዳያበላሹብኝ» አለኝ። ይበላሽ! ቲዩብ ሲቃጠል ይለወጣል። አብሮ መጫወት የማያውቅ ትውልድ ግን በምን ይለወጣል? መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ቸር እንሰንብት።