የኮምፓይለር ዝምታ ወርቅ አይደለም

«ሲንታክስ ልብስ ነው፤ ዋናው ገላው ነው» የሚል አነጋገር ሰሞኑን በክፍላችን በዝቷል። ክርክሩን ላልሰሙት አንባብያን ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። ለኮምፓይለር ትምህርት አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ በኅብረት እየሠራን ነው። በብዙው ተስማምተን ሳለ አንድ ጥያቄ ለሁለት ከፈለን፤ ይኸውም ተጠቃሚው ራሱ የሚፈጥራቸው አትሪቢዩቶች እንዴት ይጻፉ የሚለው ነው።

አትሪቢዩት ማለት በአንድ የፕሮግራም ክፍል ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። «ይህ ፊልድ ወደ ፋይል ሲጻፍ ስሙ እንዲህ ይሁን» ወይም «ይህ ፈንክሽን ለሙከራ ብቻ ነው» እያለ ለሌላ ፕሮግራም ይናገራል። ያ ሌላው ፕሮግራም ምልክቱን አንብቦ በፈንታው ፕሮግራም ሲጽፍ ሜታፕሮግራሚንግ ይባላል።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉት ይህን ነው፤ «ምልክቱ በጥቅስ ውስጥ ያለ ተራ ጽሑፍ ይሁን። ኮምፓይለሩ አይመርምረው። አዲስ ሰዋስው አያስፈልግም፤ ማንም የላይብረሪ ጸሐፊ የፈለገውን ምልክት ያለ ፈቃድ ይፈጥራል።» ምሳሌያቸውም ጎ የተባለው ቋንቋ ነው። ሐሳባቸው የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ቀላልነትም ነጻነትም አለው። እኛ ግን ዋጋውን ከፍለን አይተነዋል።

ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ውጤት የሚመዘግብ ፕሮግራም በቡድን ጻፍን፤ ቋንቋውም ይኸው ጎ ነበር። እኔ በአንድ ፊልድ አጠገብ «ጄሶን» የሚለውን ቃል ስጽፍ ሁለት ፊደል አዘዋወርሁ። ኮምፓይለሩ ዝም አለ። ፊልዱ ተቀባዩ ፕሮግራም በማያውቀው ስም ወጣ፤ ተቀባዩም የሚጠብቀውን ስም ቢያጣ ዜሮ መዘገበ። ሁለት ሌሊት ስሌቱን ስንመረምር አደርን፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የአንድ ፈንክሽን ስም ብሳሳት ኖሮ ኮምፓይለሩ ወዲያው ይጮህብኝ ነበር። አንዱ ስም ዘበኛ ሲቆምለት ሌላው ስም ስለ ምን ወላጅ አልባ ይሆናል? ያ መዝገብ የሙከራ ባይሆንና የእውነተኛ ተማሪ ውጤት ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

«ጥብቅ ከሆነ ነጻነት ይጠፋል» የሚለውን መከራከሪያ ታሪክ ያፈርሰዋል። ሲ ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ማንም ሰው የራሱን አትሪቢዩት እንደ ክላስ አውጆ በማዕዘን ቅንፍ እንዲጽፍ ፈቅዷል፤ ያልታወጀ ስም ግን ኮምፓይለሩ አይቀበልም። በጃቫ ዘንድም ቀድሞ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምልክት በኮሜንት ውስጥ ይደብቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫ 5 በ@ የሚጀምር፣ የሚታወጅና የሚመረመር አኖቴሽን አመጣ። ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ድርብ ማዕዘን ቅንፍ ቢያስገባም ተጠቃሚው የራሱን ምልክት የሚያውጅበት መንገድ አልሰጠውም ነበር፤ በ2017 ደረጃውም የማይታወቅ አትሪቢዩት ችላ ይባላል ተብሎ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2025 ኮሚቴው ሶፊያ ላይ ተሰብስቦ ሪፍሌክሽንንና ተጠቃሚው የሚፈጥራቸውን አኖቴሽኖች ለሲ ፕላስ ፕላስ 26 ተቀበለ። ዐሥራ አራት ዓመት! በመጀመሪያው ቀን የታለፈ ጥያቄ በኋላ ከነወለዱ ይከፈላል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ክርክራችን ስለ ሥልጣን ነው። የፓይተን @ ከጃቫው @ ጋር በመልክ አንድ ነው፤ እርሱም የገባው በዚያው በ2004 ነው። ነገር ግን የጃቫው ምልክት በራሱ ምንም አያደርግም፤ ሌላው እስኪያነበው ይጠብቃል። የፓይተኑ ዲኮሬተር ግን ፈንክሽኑን ወስዶ በፈንታው ሌላ ነገር ሊያስቀምጥ ይችላል። አንድ መልክ፣ ሁለት ሥልጣን! ረስትም ከዚህ አላመለጠም። ማክሮን በቀጥታ ሲጠሩ ቃለ አጋኖ እንዲደረግ ያዛል፤ አንባቢው «እዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም አለ» ብሎ ይጠነቀቃል። በአትሪቢዩት በኩል ግን ዝም ብሎ የሚገልጸውም፣ አጠገቡ አዲስ ኮድ የሚጨምረውም፣ ከሥሩ ያለውን ጨርሶ የሚለውጠውም በአንድ ዓይነት ቅንፍ ይጻፋሉ። አንባቢው የትኛው ገላጭ፣ የትኛው ለዋጭ እንደ ሆነ ገጹን ብቻ አይቶ አይለይም። ጠባቂውንና ዘራፊውን አንድ የደንብ ልብስ አልብሶ «ልብስ ምን ያደርጋል?» ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ምልክት ሁሉ እንደ ማንኛውም ስም ይታወጅ፤ ያልታወጀውን ኮምፓይለሩ ይከልክል። ሁለተኛ፣ የሚገልጽ ምልክትና የሚለውጥ ምልክት በመልካቸው ይለዩ፤ @ ለገላጩ፣ @ ከቃለ አጋኖ ጋር ለለዋጩ ይሁን። ሥራው በፓርሰሩ ላይ ጥቂት መስመር፣ በእኛም ላይ ጥቂት ቀን ይጨምራል። እንጨምረው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በኮምፓይለር ቤት ግን መልአክ የለም፤ ያለው እኛ የጻፍነው ደንብ ብቻ ነው። መምህራኖቻችን ይፍረዱን፤ የክፍል ጓደኞቻችንም ድምፅ ስትሰጡ ለመጻፍ ለሚቀለው ሳይሆን ከእናንተ በኋላ ለሚያነበው ሰው አስቡ።