ውሃ በነፍስ ወከፍ

ባለፈው ጥር እናቴ ዓይኗን ልትታከም ከመንዝ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋ ነበር። የምኖረው ከዋናው ቤት ጀርባ ከተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ ነው። ስድስት ክፍል፣ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ። በመጣች በሦስተኛው ቀን ማታ አከራያችን በሬን አንኳኩ። «እግዜር ይማርዎት» ሊሏት መስሎኝ ወንበር ልስብ ተነሣሁ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«እንግዳዋ የሚሰነብቱ ከሆነ እንግዲህ የውሃ ይጨመራል። በነፍስ ወከፍ መሆኑን ታውቀዋለህ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እናቴ ግን ሰምታ ኖሯል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጧት ፊቷን የታጠበችበትን ውሃ በሳፋ አስቀምጣ፣ ማታ እግሯን ልትታጠብበት ስትጠብቅ አገኘኋት። «ልጄ፣ እዚህ አገር ውሃ የሚሸጠው በሰው ራስ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ ቀጥሯት ነበር። እሷ ግን «ከብቶቹን ማን ያያቸዋል» ብላ ቀጠሮዋ ሳይደርስ ተመለሰች። ከብቶቹን የሚያይ ታላቅ ወንድሜ እዚያው እንዳለ እሷም እኔም እናውቃለን።

ይህን ጽሑፍ ለእናቴ ጥያቄ የዘገየ መልስ አድርጋችሁ ውሰዱልኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ተከራይ የውሃ አይክፈል የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የተጠቀመ ይከፍላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የምከፍለው ለተጠቀምኩት ውሃ ነው ወይስ ሰው ሆኜ ለመገኘቴ?

የእኛ ግቢ ሂሳብ እንዲህ ነው። ለአንድ ነፍስ በወር 200 ብር። 19 ነፍስ ነን፤ 3,800 ብር ይሰበሰባል። ከዚህ ውስጥ ሕፃን የለም፣ አዛውንት የለም። አምና ጎረቤቴ ስትወልድ ለልጁ ከክርስትናው በፊት የውሃ ሂሳብ ወጣለት። ቧንቧው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ሲቀርና በጋሪ የሚዞረውን ውሃ በጀሪካን ስንገዛም ሂሳቡ አንድ ብር አይቀንስም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኛን ደግሞ ለጠማንም አስከፈሉን።

ቢሉን ለዓመታት ያየው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን አከራያችን ራሳቸው ጠሩኝና «እስቲ ይህችን በቴሌብር ክፈልልኝ፣ እኔ አይሆንልኝም» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከፈልኩላቸው። ስከፍል አየሁት። የወሩ ፍጆታ፣ የእሳቸው ቤት ጭምር፣ 28 ሜትር ኪዩብ ነው። ሂሳቡ ከእኛ ከተሰበሰበው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስልኩን መልሼላቸው ወጣሁ። ሌባ የያዝኩ ሳይሆን ራሴ የሰው ኪስ ስፈትሽ የተያዝኩ ያህል አፈርኩ። ከሳምንት በኋላ ግን ድፍረቱን አገኘሁና «እትዬ፣ ቢሉን እያየን ብንካፈልስ?» አልኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ካልተመቸህ ቤት ሞልቷል።»

ቤት እንዳልሞላ እሳቸውም ያውቃሉ። የዚህ ሁሉ ሂሳብ ጉልበቱ እሱ ነው።

ለፍርድ እንዲመች የእሳቸውንም ወገን እንይ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም በአብዛኛው ሌሊት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ሮቶውን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ሮቶውን የገዙት እሳቸው፣ ፓምፑን የሚያስጠግኑት እሳቸው። የጡረታ ገቢያቸው ስንት እንደሆነም እገምታለሁ። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ዋጋ ካለው ግን በስሙ ይጠራ። «ለፓምፕና ለሮቶ ይህን ያህል» ይበሉን፤ እንከፍላለን። የፓምፑን ዋጋ በእናቴ ራስ ላይ መጫን ግን ሂሳብ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በእሳቸው ላይ ብቻ የማይሳበብ አለ። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የውሃ ዋጋ በእርከን ነው። ትንሽ ለሚጠቀም ርካሽ፣ ፍጆታው ሲጨምር ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ኪዩብ እየተወደደ ይሄዳል። ሐሳቡ ድሃውን መርዳት፣ አባካኙን መቆንጠጥ ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ግን የእኛን ግቢ ተመልከቱ። አንድ ቤተሰብ በወር 4 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 4,000 ሊትር ቢጠቀም፣ የራሱ ቆጣሪ ካለው በርካሹ እርከን ይቀራል። ሰባት ቤተሰብ ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን 28 ይሆናል። ቆጣሪው ሰባት ቆጣቢ ድሃ አይታየውም፤ የሚታየው አንድ ትልቅ አባካኝ ነው። ስለዚህ ለድሃው የተባለው ቅናሽ ሰርቪስ ቤት ለሚኖረው ድሃ አይደርሰውም። ብቻውን በሰፊ ቪላ የሚኖር ሰው ግን ያገኘዋል።

እንግዲህ ተከራዩ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። አንዴ ቆጣሪው ቁጥራችንን ስለማያውቅ፣ አንዴ አከራዩ ቁጥራችንን አብዝቶ ስለሚያውቅ።

ነገሩ ዘንድሮ የባሰበት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ አለ። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን አደረገ። እሰየው ብለን ነበር። ነገር ግን በበር አትገባም የተባለው ጭማሪ በቧንቧ ገባ። ኪራዩ ባለበት ነው፤ «የውሃ» የሚባለው ግን ከ100 ወደ 200 ወጣ። ወረቀቱ ላይ የለም፤ ደረሰኝ የለውም። ጠያቂም ዳኛም የለበትም።

እኛ ተከራዮችስ ንጹሕ ነን? አይደለንም። በነፍስ ወከፍ ሲሆን መቆጠብ ሞኝነት ይመስላል። አንዷ ጎረቤቴ ቧንቧውን ከፍታ ልብስ ስታለቀልቅ «ኧረ ይፈሳል» ብላት «ተከፍሎበት የለ እንዴ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ብትቆጥብም 200፣ ብታፈስም 200። ለገዳዲና ገፈርሳ የተጠራቀመ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የተገፋ ውሃ፣ ከተማው በፈረቃ እየተጠባበቀው፣ እኛ ግቢ ሲደርስ በእልህ ይደፋል። የነፍስ ወከፍ ሂሳብ ተከራዩን ያስመርራል፤ ውሃውንም አያድንም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ቢሉ ይታይ። ማካፈል የሚፈልግ ሰው የሚካፈለውን ነገር አይደብቅም። ሁለተኛ፣ ለየክፍሉ አነስተኛ ቆጣሪ ይግባ። ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ ይገጥመዋል፤ ወጪውን ብንካፈል ቅር የሚለው ተከራይ አላየሁም። ሦስተኛ፣ ውል በጽሑፍ ይሁን ከተባለ ዘንድ ውሃው እንዴት እንደሚከፈል እዚያው ይጻፍ፤ ውል የሚመዘግበውም ክፍል ይህን ሳያይ አይመዝግብ። አራተኛ፣ ባለሥልጣኑ ከአንድ ቆጣሪ ጀርባ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ይጠይቅና እርከኑን በዚያ ልክ ያስላ። ውሃን የሚለካ መሥሪያ ቤት ሰው መቁጠር አያቅተውም።

አከራዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ስታመም ሾርባ ልከውልኛል። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳዝነኝ። ሾርባውን ያለ ሂሳብ የሰጡኝ እጆች ለእናቴ የእግር ውሃ ሂሳብ ያዙ። እንዲህ ያለው አሠራር ደጉንም ሰው ይቀይረዋል።

ትናንት እናቴ ደወለች። ዓይኗ እንደገና እያስቸገራት ነው። «ነይ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «በክረምቱ እመጣለሁ፣ ያኔ ዝናብ አለ» አለችኝ።