«ካስል» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። የአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት ይኖሩበት ለነበረው ታላቅ ግንብ ስም ያወጣለት ግን ወታደር ነው።

እንግሊዞች «ካስል»፥ ፈረንሳዮች «ሻቶ»፥ ኢጣሊያኖች «ካስቴሎ»፥ እስፓኞች «ካስቲዮ» የሚሉት ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱ «ካስቴሉም» የምትባል የላቲን ቃል ስትሆን፥ አያቲቱ ደግሞ «ካስትሩም» ናት፤ ትርጓሜዋም የጦር ሰፈር ማለት ነው። የሮማ ሠራዊት በሰፈረበት ሁሉ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ፥ አፈሩን ከምሮ፥ አጥር አጥሮ ያድር ነበር። ማንችስተርና ላንካስተር የተባሉት የእንግሊዝ ከተሞች ያንን ሰፈር እስከ ዛሬ በስማቸው መጨረሻ ይዘውት ይኖራሉ።

ነገር ግን ቃልም እንደ ሰው ሲሰደድ ጠባዩን ይለውጣል። በላቲኑ ወንጌል የማርያምና የማርታ መንደር ቢታንያ «ካስቴሉም» ተብላለች። የጥንት እንግሊዞችም ወንጌልን ሲተረጉሙ ቃሉን መንደር በሚለው ፍቺ ተቀበሉት። ኋላ ግን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው በየስፍራው ምሽግ ሲሠሩ፥ በለንደንም ነጩን ግንብ ሲያቆሙ፥ የመንደሩ ስም መንደርተኛው ቀና ብሎ በፍርሃት ለሚያየው ለገዢው ምሽግ ስም እየሆነ ሄደ።

የቃሉ ጕዞ በዚህ አላበቃም። ሊቃውንት እንደሚሉት «ካስትሩም» በግሪክና በአራማይክ በኩል አልፎ በዐረብኛ «ቀስር» ሆነ። ዐረቦች በ711 ዓ.ም. ወደ እስፓኝ ሲሻገሩ ቃሉን ይዘውት ገቡ፤ በሴቪል ከተማ የሚገኘው ቤተ መንግሥት «አልካሳር» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ እስፓኞች በአንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቅመዋል፤ አንዱን ከሮማውያን ወረሱት፥ ሁለተኛውን ከዐረቦች ተቀበሉት።

ጀርመኖች ግን በሌላ መንገድ ሄደዋል። የእነርሱ «ሽሎስ» መዝጋት ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ቤተ መንግሥትም የበር ቁልፍም ማለት ነው። ፖላንዶችም ይህን አይተው «ዛሜክ» በሚለው በራሳቸው ቃል ሁለቱንም ይጠሩበታል። መስኮቦችም እንዲሁ «ዛሞክ» ይላሉ፤ ድምፁ በፊተኛው ፊደል ላይ ሲጠነክር ቤተ መንግሥቱ፥ በኋለኛው ላይ ሲጠነክር ቁልፉ ይሆናል።

በእኛ በኩል የጎንደርን የፋሲል ግንብ ስንጠራ በስሙ የምናስታውሰው ድንጋዩንና ኖራውን፥ እንዲሁም የግንበኛውን እጅ ነው። የአውሮፓ ስሞች ግን የሚያስታውሱት ዘበኛውንና የተዘጋውን በር ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን በትምህርት ቤት «ካስል ማለት የንጉሥ ቤት ነው» ብለው ሲያጠኑ፥ ወላጅ ይህን ቢጨምርላቸው መልካም ነው፤ ግንቡ ከሩቅ ሲታይ ስለ ክብር ይናገራል፤ ስሙ ግን በውስጡ የተቀመጠው ጌታ ምን ያህል ይፈራ እንደ ነበር ይመሰክርበታል።