ድረ ገጽ ከመሠራቱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ

የመንግሥት ተቋማት አገልግሎታቸውን በኢንተርኔት ለመስጠት የሚያደርጉት ጥረት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መጥቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. አጽድቋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠው የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል።

ይሁን እንጂ የድረ ገጽ ፋይዳ የሚለካው በብዛቱ ወይም በውበቱ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉንደ ወይን የሚኖር ዜጋ ለአንድ ጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ምን ሰነድ ልያዝ? ስንት እከፍላለሁ? የትኛው ቢሮ ልሂድ? በስንት ቀን ያልቃል? ገጹ እነዚህን ካልመለሰ፣ ወይም የመለሰው ያረጀ መረጃ ከሆነ፣ ተገልጋዩ የጎደለ ሰነድ ይዞ ይሄዳል፤ የመሳፈሪያ ገንዘቡንና የሥራ ቀኑን ከስሮ ይመለሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት ዋነኛው መንስኤ የቴክኖሎጂ እጥረት ሳይሆን የሥራ ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ብዙ ጊዜ ውል ተፈርሞ መጀመሪያ የሚቀርበው የገጹ መልክ ነው፤ ቀለሙ፣ ፎቶግራፉና አርማው ውይይት ይደረግባቸዋል። ይዘቱ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ይዘገያል። በዚያን ጊዜ ክፍት የቀረው ቦታ በተቋሙ ታሪክና በኃላፊዎች መልእክት ይሞላል። የአገልግሎት መስፈርቱም ስካን በተደረገ ደብዳቤ መልክ ይለጠፋል። እንዲህ ያለው ምስል በፍለጋ አይገኝም፣ በእጅ ስልክ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ዐይነ ስውራን የሚገለገሉበት የንባብ ሶፍትዌርም ሊያነበው ይሳነዋል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ የሥራ ሂደት ባለቤት የሚሰጠውን አገልግሎት ከነመስፈርቱ፣ ክፍያውና የጊዜ ገደቡ በጽሑፍ ያቀርባል፤ የበላይ ኃላፊውም ያጸድቃል። በዚህ ደረጃ አላስፈላጊ ምልልሶችም ይገለጣሉ። ለምሳሌ የንግድ ፈቃድ ለማደስ ከገቢዎች የግብር ክሊራንስ ማምጣት ግድ ነው። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ገጽ ይህን ካልጠቀሰ ነጋዴው በሁለት ቢሮዎች መካከል ይመላለሳል። ዲዛይኑ የሚጀመረው ይህ ሁሉ ከጸደቀ በኋላ ነው። ቀጥሎ የፕሮግራም ሥራው ይከናወናል፣ የግል መረጃ አያያዙ ከአዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንጻር ይፈተሻል፣ የደኅንነት ፍተሻም ይደረጋል። በመጨረሻ በእውነተኛ ተገልጋዮች ይሞከራል።

ሙከራው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ በፈጣን መስመር ብቻ ከተካሄደ ችግሩን አያሳይም። ገጹ ደካማ ኔትወርክ ባለበት አካባቢ፣ ዋጋው ዝቅተኛ በሆነ ስልክ መከፈት አለበት። ቅጽ እየተሞላ መስመር ቢቋረጥ የተጻፈው ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ፣ አገልግሎቱ ለጉንደ ወይን ነዋሪ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ኢንተርኔት ለማይጠቀሙ ዜጎችም ያው መረጃ በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊወጣ ይገባል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የጊዜ ሰሌዳ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። በመሆኑም በጀቱ እንዳይመለስ ሲባል ርክክብ በሰኔ የሚጣደፍበት አጋጣሚ ይኖራል። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ሰኔ ላይ በጥድፊያ የተረከቡት ሥርዓት በማግሥቱ የተገልጋይ ጎርፍ ይገጥመዋል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ነጋዴው በክረምቱ ጭቃ ከመጣ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ይዘቱ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ተሰብስቦ፣ ሙከራው ከሚያዝያ በፊት ቢጠናቀቅ ለእርማት በቂ ጊዜ ይገኛል። የታኅሣሥ ወር ደግሞ ለማናቸውም ለውጥ የሚመች አይደለም።

ርክክብም የሥራው ፍጻሜ አይደለም። ክፍያ ወይም መስፈርት በተለወጠ ቁጥር ገጹን የሚያስተካክል ባለሙያ በስም ካልተመደበ፣ ትክክል የነበረው መረጃ በጥቂት ወራት ውስጥ አሳሳች ይሆናል። አሳሳች መረጃ ደግሞ ከመረጃ ማጣት ይብሳል፤ ተገልጋዩ አምኖት ይነሣልና።

ተገልጋዮች በበኩላቸው አንድን ገጽ ተማምነው ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት መረጃው መቼ እንደታደሰ ቢመለከቱና በተጠቀሰው ስልክ ቢያረጋግጡ ይመከራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካላት ስለ አገልግሎታቸው መረጃ እንዲያወጡ ግዴታ ጥሏል፤ ለመረጃ ጥያቄም በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለሆነም በገጹ ላይ ያልተገኘውን መስፈርት መጠየቅ የዜጋው መብት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ የሚቀርብለት ተቋምም በድረ ገጹ ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ ከዚያው ይረዳል።