ድኩላ እንዳታየን ምን እንልበስ?



ከአምባሰል በኩል አንድ አባት ጥያቄ ልከውልናል። ከተራራው ሥር የባቄላና የድንች ማሳ አላቸው። ማሳ ማለት የተዘራ መሬት ነው። «ድኩላ ሌሊት እየገባች ማሳዬን ፈጀችው። ሸምቄ ልጠብቃት ብል ገና ከሩቅ አይታኝ ትጠፋለች። ምን ብለብስ ነው የማታየኝ?» ይላሉ።

ጥያቄው ደስ አሰኘን። ደግሞም አስፈራን። ያስፈራንን ኋላ እንናገራለን። መጀመሪያ ስለ ልብሱ።

የኛ አገር ሰው ጎሕ ሲቀድ ምን ደርቦ ይወጣል? ነጭ ጋቢ ነዋ! ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ስንቱ ገበሬ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል። ለብርዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በቁጥቋጦ መካከል ነጭ ጋቢ ከሩቅ ይታያል። እኛስ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሰው የምናየው በጋቢው አይደለም እንዴ?

ላም፣ ፍየል፣ በግና አጋዘን ቀለም የሚያዩት እንደኛ አይደለም። ድኩላም የነሱ ወገን ናት። ሰማያዊና ቢጫ ይለያሉ። ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታታባቸዋል። በእስፔን አገር ከበሬ ጋር የሚታገሉ ሰዎች ቀይ ጨርቅ ያወዛውዛሉ። በሬውን የሚያስቆጣው ቅላቱ አይደለም፤ መወዛወዙ ነው። በአሜሪካ ደግሞ አዳኞች እርስ በርሳቸው እንዳይተኳኮሱ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ ይለብሳሉ። ሰው ከሩቅ ያየዋል። አጋዘኑ ግን ደብዛዛ ነገር መስሎት ያልፈዋል።

ሰማያዊ ቀለምን ግን አጋዘን አጥርቶ ያያል። ይህንን በ1980ዎቹ በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአጋዘን ዓይን ላይ መርምረው አረጋግጠዋል። እዚህ ላይ የኛ ኦሞ ጣጣ ያመጣል። በብዙ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ነጩን ልብስ ይበልጥ የሚያነጣ ቅመም አለ። ቅመሙ እኛ የማናየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። በኦሞ የታጠበ ጋቢ ለብሶ መሸመቅ ፋኖስ ይዞ እንደ መሸመቅ ነው።

ታዲያ ምን ይለበስ? አሮጌ ካኪ ጥሩ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ ብርድ ልብስም ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የተጣጣፈ ልብስ ነው። አትሳቁ! ዓይን ሰውን የሚያውቀው በራሱና በትከሻው ቅርጽ ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያለው እራፊ ያንን ቅርጽ ይሰባብረዋል። የወታደር ዝንጉርጉር ልብስም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እሱን ግን አትልበሱ። ድኩላ ባታያችሁ ሰው ያያችኋል፤ ነገር ይመጣል።

ናይለን ጃኬት ይቅር። ቅጠል በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ልብሱ የቱንም ያህል ቢስማማ ደግሞ፣ እጅ ካወዛወዙ ከንቱ ነው። የድኩላ ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ ናቸው። ወደ ኋላዋም ጭምር ታያለች። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ትስተዋለች፤ የሚንቀሳቀሰውን አትስተውም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እኚህ አባት «አይታኝ» አሉ እንጂ፣ እኛ እንደምንገምተው ድኩላዋ ያወቀቻቸው በአፍንጫዋ ነው። የኛ ቤት ልብስ ያልጠጣው ሽታ ምን አለ? የምድጃ ጢስ፣ ቡና፣ ዕጣን፣ ቅቤ፣ የወይባ ጢስ። ለሰው ደስ ይላል። ለድኩላ ግን «ሰው መጣ» የሚል አዋጅ ነው። ልብሱን በውሃ ብቻ አጥበው ውጭ ነፋስ ላይ ያሳድሩት።

የሰውነት ጠረን ግን አይታጠብም። ጠረን ማለት ሽታ ነው። ስለዚህ ነፋሱን ማወቅ ይገባል። በተራራ ላይ ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ከእንስሳዋ በታች መቀመጥ ነው። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ከሥር የተቀመጠ ሰው ጠረኑን በቀጥታ ወደ አፍንጫዋ ይልካል። በሐይቁ ዳር ደግሞ ሌላ ነው። ቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብሱ ወደ ውሃው ይነፍሳል። ዓሣ አጥማጆች ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል። ጥቂት አመድ በጨርቅ ቋጥሮ መያዝና እያራገፉ የሚበንበትን ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ፍርሃታችን እንመለስ።

እኛም ልጆች ሳለን ከጎረምሶች ጋር አደን ወጥተናል። ውሾች አንዲት ድኩላ ከጫካ አወጡ። ጎረምሶቹ ገደሏት። ስትገፈፍ ጡቷ ወተት አግቶ ነበር። ድኩላ ትንሽ ግልገሏን ይዛ አትዞርም። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቃታለች፤ እየተመላለሰች ታጠባታለች። ነብር በሽታው እንዳያገኛት የግልገሏን በጠጥ ሳይቀር ትበላዋለች። እስኪመሽ ፈለግናት። አላገኘናትም። እናቷ እንዳትገኝ አድርጋ ደብቃታለቻ! ሥጋውንስ በላችሁ ወይ ብትሉን፣ በልተናል።

ዛሬ ነገሩ የሕግም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በገንዘብና በእስራት ያስቀጣል። በደጋችን ያለችው የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለችም። በደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክም ትገኛለች። እንስሳ ማሳውን ያጠፋበት ሰው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክት።

ስለዚህ ወደ አምባሰል ወጣንና እኚህን አባት ለመንናቸው። «አባባ፣ ጠመንጃውን ቤት ያስቀምጡት። መጀመሪያ ማን እንደሚበላብዎ እንይ» አልናቸው። «እናንተ የከተማ ሰዎች!» አሉ። ኋላ ግን «አብሽሩ፣ እሺ» አሉን።

ሦስት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ከማሳው ሥር ተቀመጥን። እሳቸው የተጣጣፈ ካፖርት፣ እኛ አሮጌ ካኪ ለብሰናል። በመጀመሪያው ቀን ከኛ አንዱ አስነጠሰ። በሁለተኛው ቀን ዘግይተን ደረስን። ፀሐይ ቀድማናለች። አመዱን ብናራግፈው ወደ ላይ በነነ። ወዲያው ከጫካው የውሻ የመሰለ ጩኸት ሰማን። ድኩላ ስትደነግጥ የምትጮኸው እንደ ውሻ ነው።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። ጆሮዋን ወዲያና ወዲህ አዞረች። ከዳር ከዳሩ የባቄላውን ለጋ ቅጠል ቀጠፈች። ድንቹን ግን ዞር ብላም አላየችው። ከኋላዋ ሌላ ትንሽ ጆሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። አባባ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኛም አልተነፈስንም። ጠግበው እስኪሄዱ እግራችን ደነዘዘ።

ሲነጋ ተነሥተን ድንቹን አየነው። ትልሙ ተምሶ፣ ድንቹ ተጋምጦ ተጥሏል። በቁፋሮው አጠገብ ጥቁርና ነጭ እሾህ ወድቋል። የጃርት ነው። አባባ እሾሁን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ለሷ እንኳ አጥር ይበቃታል። እኔን የገደለኝ ይሄ ነው» አሉ። ከዚያ መጥረቢያቸውን አንሥተው ለአጥር የሚሆን ቀንጠፋ ሊቆርጡ ሄዱ።

ስለ ጃርት በሚቀጥለው ሳምንት እንጽፋለን።